ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አሮጌ ራዲዮ መጠበቂያ ዕቃዎች

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ይተርታሉ። እሳት ገና ፍም ሳለ በአንድ እፍኝ እርጥብ ቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ እንስራ ይዞ ቢሮጥም አይደርስበትም ማለት ነው። ይህ ተረት ለደንና ለጎጆ ብቻ የተነገረ አይደለም። በየሳሎኑ በዳንቴል ተሸፍኖ በተቀመጠው አሮጌ ራዲዮ ውስጥም የፋብሪካው መሐንዲስ አስቦ ያስቀመጠው እንዲህ ያለ እፍኝ ቅጠል አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም አሮጌ ራዲዮ፣ የሸክላ ማጫወቻ ወይም የቴፕ መሣሪያ ሲታደስ ጊዜ ያለፈባቸው የመጠበቂያ ዕቃዎች በምን መንገድ መተካት እንደሚገባቸው ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ያደረገን በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 5 ያየነው ነገር ነው። ካርቲየ በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ነው፤ የከተማው የቆየ የሕዝብ መኖሪያም ከ1 እስከ 7 በቁጥር ተከፍሎ ይጠራል። በእነዚህ ሰፈሮች ከሚገኙት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸውም እርስ በርሱ የተጠጋጋ ነው። በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የባሕሩም አየር ጨውና እርጥበት ስላለው ብረትን ያዝጋል፤ ወረቀትን ያረጥባል። በእንዲህ ያለ ሰፈር እሳት በአንድ ቤት ቢነሣ በዚያ ቤት ብቻ አይቀርም። ስለዚህ በአንድ ራዲዮ ውስጥ ያለች ቀጭን ሽቦ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳትሆን የጎረቤቱም ጉዳይ ናት።

በዚህ ሰፈር አንዲት በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያዊት እናት ይኖራሉ። ሟቹ ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ካወረሷቸው ዕቃ አንዱ ከሆላንድ አገር የመጣ፣ ትራንዚስተር ከመለመዱ በፊት የተሠራ፣ እንደ አምፑል በሚግሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ ራዲዮ ነው። ይህ ራዲዮ ዐሥር ዓመት ያህል ድምፁን ዘግቶ ከቆየ በኋላ አንድ የሰፈሩ ወጣት ባለሙያ እንዲያድሰው ተጠራ። እኛም በዚያ ቀን በእንግድነት ተገኝተን ነበርና የተነጋገሩትን ሰማን።

ባለሙያው ቦርሳውን ገና ሳያስቀምጥ እናቲቱ ቃል አስገቡት።

«ልጄ፣ ድምፁን ብቻ መልስልኝ። ሌላውን አትለውጥብኝ፤ እንዳለ ይሁን። የእርሱ መታሰቢያ ነው።»

«እሺ እማማ። ግን አስቀድሜ ውስጡን ልየው፤ ያየሁትንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።»

ባለሙያው ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለና ማንም ሳያውቅ እንዳይሰካው ብሎ ለእናቲቱ አስያዛቸው። ከዚያም የኋላውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትቶ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረገ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከተ በኋላ አንድ ነገር በጣቱ አመለከተ። የፊውዙ መስታወት በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ታስሮ ነበር።

«ይህን ያሰረው ማን ነው እማማ?»

«እርሱ ነዋ። ያ መስታወት በየጊዜው እየተቃጠለ አስቸገረው። ገበያ እየሄደ መግዛቱ ሰለቸውና አንድ ቀን በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተቃጥሎ አያውቅም።»

«እማማ፣ ሌባው ስለ ጠፋ አይደለም፤ ዘበኛው ስለ ታሰረ ነው» አለ ባለሙያው።

ከዚህ አነጋገር የሚሻል ማብራሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በአገራችን ብዙ ሰው ፊውዝን ከኢጣልያንኛው ቃል ወስዶ «ባልቦላ» ይለዋል፤ በጅቡቲ ደግሞ ከፈረንሳይኛው «ፉዚብል» ይባላል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ሲመጣ ራሱ ቀልጦ ይበጠሳል፤ በመበጠሱም ሌላውን ሁሉ ያድናል። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል ተበላሸ አይባልም። ሥራውን ሠራ ይባላል እንጂ።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 50 ዋት የሚወስድ ራዲዮ በ220 ቮልት ሲሠራ የሚስበው ኮረንቲ 0.23 አምፔር ያህል ነው። ለእንዲህ ያለው ራዲዮ የግማሽ አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ሟቹ ያሰሩት ግን የ0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ነበር። እንዲህ ያለው ሽቦ ለመቅለጥ 7 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም የፊውዙ ዐሥራ አራት እጥፍ ነው። በ220 ቮልት ሲታሰብ 1,500 ዋት ያህል ይሆናል፤ የልብስ ካውያ የሚወስደውን ኃይል የሚያህል ነው። የልብስ ካውያ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ቢግል ምን እንደሚሆን አንባቢው ራሱ ያስበው። የትራንስፎርመሩ ሰም ይቀልጣል፤ ወረቀቱ ይጠቁራል፤ ሣጥኑም ይጨሳል። ሽቦው ግን አይበጠስም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ወረቀት በፊውዝ ላይ መጠቅለልም ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ያ ፊውዝ ለምን በየጊዜው ይቃጠል ነበር? ሽቦ ከማሰር በፊት መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። አንደኛው ምክንያት የፊውዙ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ባለ ቫልቭ ራዲዮ በተከፈተበት ቅጽበት ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው እጅግ የበለጠ ኮረንቲ ይስባል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ይህን አጭር ጊዜ የሚታገሥ፣ ዘግይቶ የሚበጠስ ፊውዝ ነው። በአውሮፓ ፊውዞች ጫፍ ላይ «ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል ከጀርመንኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን ዘገምተኛ መሆኑን ያመለክታል፤ «ኤፍ» የሚለው ደግሞ ፈጣን መሆኑን ያመለክታል። በዘገምተኛው ቦታ ፈጣኑ ቢገባ ያለ ጥፋቱ ይቃጠላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የከፋ ነው። በራዲዮው ውስጥ በእርግጥ ብልሽት ኖሮ ፊውዙ ሊናገር ፈልጎ ሊሆን ይችላል። በእናቲቱ ራዲዮ የተገኘው ሁለቱም ነበር።

እንግዲህ አሮጌ መሣሪያ የሚያድስ ሰው አንድ የመጠበቂያ ዕቃ ባገኘ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ይህ ዕቃ የሚጠብቀው ምንን ነው? የሚጠብቀውስ ከምን ነው? ዛሬ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ምን አለ? መልኩን የሚመስል ዕቃ መፈለግ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መልኩ ተመሳስሎ ሥራውን የማይሠራ መጠበቂያ ዘበኛ መስሎ የቆመ ሐውልት ነውና።

በፊውዙ እንጀምር። የቆዩ ራዲዮዎች ፊውዝ መጠኑ ልዩ ልዩ ነበር። ዛሬ በገበያ በብዛት የሚገኘው የመስታወት ፊውዝ ርዝመቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካኑ ዓይነት 32 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የጥንቱ መጠን ካልተገኘ መያዣውን መለወጥ ይሻላል እንጂ ፊውዙን በሽቦ አስረዝሞ ማስገባት አይገባም። የአምፔሩ ቁጥር በራዲዮው ጀርባ ወይም በመመሪያው ላይ ከተጻፈው አይበልጥ። የቮልቱም ቁጥር ይታይ፤ ለግድግዳ ኮረንቲ 250 ቮልት የተጻፈበት ያስፈልጋል። ለመኪና የተሠራው የ32 ቮልት ፊውዝ ቢበጠስም እንኳ በመካከሉ የሚነሣውን የእሳት ብልጭታ ላያቋርጠው ይችላል። ከመስታወቱ ይልቅ ነጭ የሸክላ ገላ ያለው ፊውዝ የበለጠ ኃይለኛ ነው። የመስታወቱ ትንንሽ ፊውዝ በደንቡ መሠረት 35 አምፔር ያህል ድንገተኛ ኮረንቲ ለማቋረጥ የታሰበ ሲሆን፣ የሸክላው ግን 1,500 አምፔር ድረስ ሳይፈነዳ እንዲያቋርጥ የተሠራ ነው።

ከፈረንሳይ አገር በመጡ ብዙ አሮጌ ራዲዮዎች ደግሞ ፊውዙ ራሱ የቮልት መምረጫ ነው። ከጀርባው 110፣ 127፣ 220 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ፊውዙን የያዘው ትንሽ ክዳንም በሚፈለገው ቁጥር ላይ ይሰካል። እንዲህ ያለው ራዲዮ ከመከፈቱ በፊት ክዳኑ በየትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ መመልከት ግዴታ ነው። በ127 ላይ ሳለ ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ባለሙያው ከፊውዙ ቀጥሎ ወደ ትራንስፎርመሩ ተሻገረ። በዚያም ሁለተኛ ዘበኛ አገኘ፤ እርሱም ታስሮ ነበር። የሆላንዱ ፊሊፕስና ሌሎችም የአውሮፓ ፋብሪካዎች በትራንስፎርመሩ ላይ አንዲት የብረት ሞላ ያስቀምጡ ነበር። ሞላዋ ተወጥራ በቶሎ በሚቀልጥ ማዕድን ትበየዳለች። ትራንስፎርመሩ ከመጠን በላይ ሲግል ብየዳው ይለቃል፤ ሞላዋም ተፈናጥራ ኮረንቲውን ትቆርጣለች። እጅግ ብልህ የሆነ አሠራር ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ተፈናጥራ ስትገኝ ጠጋኙ ምን እንደ ሆነች ሳይረዳ በተራው የመበየጃ እርሳስ መልሶ ይበይዳታል። ተራው የመበየጃ እርሳስ ሳይቀልጥ እስከ 183 ዲግሪ ድረስ ይቈያል። በዚህ ሙቀት የትራንስፎርመሩ ወረቀት አስቀድሞ ከጥቅም ውጭ ሆኖአል። ሞላዋ በቦታዋ ትታያለች፤ ጥበቃው ግን የለም።

ይህን የመሰለ ማዕድን ዛሬ ማግኘት ስለሚያስቸግር በምትኩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የሙቀት ፊውዝ ይገባል። ሲሊንደር የመሰለ ትንሽ ዕቃ ሲሆን የሚቆርጥበት ዲግሪ በገላው ላይ ተጽፎአል። ከትራንስፎርመሩ ጋር ተጣብቆ ይታሰራል፤ ከተራው ፊውዝ ጋርም በተከታታይ ይያያዛል። ዲግሪውን ለመምረጥ ራዲዮው በደህና ሁኔታ ሲሠራ ትራንስፎርመሩ ምን ያህል እንደሚግል መለካት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ብርድና በጅቡቲ ሐምሌ መካከል ሃያ ዲግሪ ያህል ልዩነት ስላለ በቀዝቃዛ አገር የተመረጠው በሙቅ አገር ያለ ምክንያት ሊቆርጥ ይችላል። የሙቀት ፊውዝን ሲበይዱም ጥንቃቄ ያሻል። ካውያው ራሱ ስለሚያግለው ገና ሳይሠራ ይሞታል። ስለዚህ እግሩን በፒንሳ ይዞ ሙቀቱን ማስቀረት፣ ወይም ሳይበይዱ በመጨፍለቂያ ማያያዣ ማገናኘት ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ነው። ካፓሲተር ኮረንቲ ለጥቂት ጊዜ የሚያከማች ነው፤ በራዲዮ ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። ከግድግዳው ኮረንቲ ጋር በቀጥታ የሚገናኙት ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የጥንቶቹ ከወረቀትና ከሰም የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡትና በብዙ የቴፕ መሣሪያዎች የሚገኙት ደግሞ በግልጽ ሙጫ የተሸፈኑ የወረቀት ካፓሲተሮች ናቸው። ሙጫው በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፤ ከዚያም መሣሪያው ገና እንደ ተሰካ በከባድ ጭስ ይቃጠላል። እንደ ካርቲየ 5 ባለ ባሕር ዳር ሰፈር ይህ ሳይደርስ አይቀርም።

ዛሬ በዚህ ቦታ የሚገቡት በሁለት የላቲን ፊደላት የሚለዩ የደኅንነት ካፓሲተሮች ናቸው። በሁለቱ የኮረንቲ መስመሮች መካከል የሚገባው «ኤክስ 2» የተባለው ነው። ከመስመሩ ወደ ራዲዮው የብረት ገላ የሚሄደው ግን «ዋይ 2» መሆን አለበት። ሁለተኛው የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ነው፤ እርሱ ተበላሽቶ ኮንታክት ቢፈጥር የራዲዮው ብረት በሙሉ ኮረንቲ ይሸከማልና። መጠኑም ቢሆን በዘፈቀደ አይመረጥም። 4.7 ናኖ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ220 ቮልት ወደ ገላው የሚያሳልፈው 0.3 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ሰውነት ብዙ አይሰማውም። ዐሥር እጥፍ የሆነው 47 ናኖ ፋራድ ግን ከ3 ሚሊ አምፔር በላይ ያሳልፋል፤ ይህም እጅን ይነዝራል። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ሣቅ አሉ።

«ለካ እርሱ ነው! ወለሉ ርጥብ ሲሆን ራዲዮኑን ስነካ ይነዝረኝ ነበር። እኔ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ ነበር።»

«እርጅናውስ የእርስዎ አይደለም እማማ፤ የካፓሲተሩ ነው» አላቸው።

አንዳንድ ራዲዮ ግን ትራንስፎርመር የለውም። ፈረንሳዮች ለሁሉም ዓይነት ኮረንቲ የሚሆን ብለው የሚጠሩት ዓይነት ነው። በዚህ ራዲዮ ውስጥ የብረቱ ገላ ከአንዱ የግድግዳ መስመር ጋር በቀጥታ ተያይዞአል። ስፒናው በተገላቢጦሽ ቢሰካ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። እንዲህ ያለው ራዲዮ ቁልፉ ከወለቀ ወይም የኋላ ክዳኑ ከጠፋ ለቤተ ሰብ አደገኛ ነው። እነዚህም ከመጠበቂያ ዕቃ ይቈጠራሉና ሳይሟሉ ራዲዮው መከፈት የለበትም። ባለሙያ በሚሠራበት ጊዜም መለያ ትራንስፎርመር ይጠቀማል።

በእነዚሁ ራዲዮዎች ውስጥ አምፑል የመሰለ አሮጌ መጠበቂያ ሊገኝ ይችላል። በ1930ዎቹ የጀርመን አገር ፋብሪካዎች የቫልቮቹን ክር ከድንገተኛ ኮረንቲ ለማዳን ኡርዶክስ የሚባል ዕቃ ይሠሩ ነበር። በውስጡ ያለው የዩራኒየም ውሕድ ነው። ሲቀዘቅዝ ኮረንቲውን ያግዳል፤ እየጋለ ሲሄድ ግን ቀስ በቀስ ይለቃል። ያ ዕቃ ዛሬ አይሠራም። ሥራውን ግን ከሌላ ማዕድን የተሠራው ቴርሚስተር በደንብ ይሠራዋል። ቴርሚስተር በሥራ ላይ እጅግ ስለሚግል ከእንጨትና ከፕላስቲክ ርቆ በአየር ላይ መቀመጥ አለበት። አሮጌው ኡርዶክስ ሳይሰበር በሣጥን ይቀመጥ፤ ለልጆች መጫወቻ አይሰጥ። በአንዳንድ ራዲዮ ክዳን ላይ የተለጠፈው ግራጫ የሙቀት መከላከያ ወረቀትም አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይፋቅ፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነውና።

አራተኛው ጉዳይ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚደርሰው ግፊት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2011 ወዲህ ጅቡቲ ከድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ታገኛለች። የአባይ ልጆች የሆኑትን ወንዞች ጨምሮ የአገራችን ውሃ የሚያመነጨው ኃይል በካርቲየ 5 ራዲዮ ያናግራል ማለት ነው። ነገር ግን በየትኛውም አገር ቢሆን መብረቅ ሲወድቅ ወይም መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ለቅጽበት ከፍተኛ ቮልት ይመጣል። የጥንቱ ራዲዮ ለዚህ የነበረው መከላከያ በአንቴናው ላይ ያለች ትንሽ የብልጭታ ክፍተት ብቻ ነበረች። ቫሪስተር የተባለውና ከዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራው መከላከያ በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ ራዲዮ ውስጥ አይገኝም። ዛሬ መጨመር ይቻላል፤ ግን ከፊውዙ በኋላ ይግባ። ቫሪስተር ግፊት በተቀበለ ቁጥር ይደክማል፤ ሲሞትም ኮንታክት ሊፈጥርና ሊነድ ይችላል። ፊውዙ ከፊቱ ካለ ግን ወዲያው ይቆርጠዋል። መከላከያውን የሚከላከል ያስፈልጋልና።

ባለሙያው አዲሶቹን ዕቃዎች ካስገባ በኋላ ራዲዮውን በቀጥታ ከግድግዳው ጋር አላገናኘውም። አንድ የ60 ዋት አምፑል በመካከል አያያዘ፤ ከአሮጌው ዓይነት፣ ክሩ የሚግለውን ነው። የዛሬው ኤል ኢ ዲ አምፑል ለዚህ አይሆንም። በራዲዮው ውስጥ ኮንታክት ካለ አምፑሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ጉዳትም አይደርስም። ደህና ከሆነ ግን መጀመሪያ ብልጭ ብሎ ወዲያው ይደበዝዛል። አምፑሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ። እናቲቱ የያዙት ሰዓት ያህል ቆይቶ ትራንስፎርመሩን ለካው፤ ሙቀቱም ደህና ነበር።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ባለ ቫልቭ ራዲዮ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቢሆን በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ250 ቮልት በላይ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የማያውቅ ሰው ክዳኑን አይክፈት። የባለቤቱ ድርሻ ባለሙያውን መጥራትና ፊውዙ ስንት አምፔር እንደ ሆነ፣ የትኞቹ ዕቃዎች እንደ ተለወጡ መጠየቅ ነው። ያገኘውንም መልስ በወረቀት ጽፎ በክዳኑ ውስጥ ይለጥፍ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ያመሰግነዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «አሮጌ ራዲዮ ይህን ያህል ድካም ይገባዋልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን ይገባዋል የሚል ነው። ጅቡቲ በ1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የተቀዱት ዘፈኖችና ንግግሮች በአገሪቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ቤተ መዛግብት በሺህ በሚቈጠሩ የቴፕ ጥቅሎች ተቀምጠዋል። በ2020 የጣቢያው የሙዚቃ ጓድ ሸክላ ለዓለም በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ስለዚህ ሀብት የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ይህን የመሰለ ጥቅል የሚናገረው በዘመኑ መሣሪያ ላይ ሲጫን ብቻ ነው። አንድ የተሰነጠቀ ካፓሲተር ቢነድ የሚጠፋው መሣሪያው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በላዩ የነበረው የማይገኝ ድምፅም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። አሮጌ ነገር የሚወድ ሰው ሁሉ ከመጥረግና ከማስዋብ በፊት መጠበቂያውን ይመርምር የምንለው ስለዚህ ነው።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። ባለሙያው የመዳቡን ሽቦ ከፊውዙ ላይ ፈትቶ በመዳፉ ይዞ ነበር። እናቲቱ ሽቦውን አይተው ዝም አሉ።

«እርሱ በእጁ ያሰረው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ትጥለዋለህ?»

«አልጥለውም እማማ። ከራዲዮው ጋር ይኖራል። ኮረንቲ ግን አያልፍበትም።»

ሽቦውን ከተሰነጠቀው ካፓሲተርና ከተቃጠለው ፊውዝ ጋር በአንድ ትንሽ ፖስታ አድርጎ በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከሙቀት ርቆ በሚገኝ ቦታ ለጠፈው። ሞላዋንም አላነሣትም፤ በቦታዋ ትታያለች፤ ሥራውን ግን ከጎኗ የገባው አዲሱ የሙቀት ፊውዝ ይሠራል። ከፊት ለፊት የሚመለከት ሰው የተለወጠ ነገር አያገኝም። ቁልፎቹ፣ ጨርቁ፣ ሟቹ የሚወዱትን ጣቢያ ለማወቅ በእርሳስ የሠሩት ትንሽ ምልክት ሁሉ እንዳለ ነው።

ስፒናው በተሰካ ጊዜ የመስተዋቱ መብራት ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ እምምም የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ከባሕሩ ማዶ የዐረብኛ ዘፈን መጣ። እናቲቱ ቁልፉን ወደ እርሳሱ ምልክት አዞሩት። በዚያ ቦታ ዛሬ የሚናገር ጣቢያ አልነበረም። ቢሆንም አላዞሩትም፤ እዚያው ተዉት። ወደ መኝታቸው ሲሄዱም ራዲዮኑን ዘግተው ስፒናውን ነቀሉ። ይህን ልማድ ያስተማራቸው ባለሙያው ነው፤ ከመጠበቂያ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋ የማይጠየቅበትም ይኸው ነው።